እንሶስላ በለቅሶ ቤት

«እንኪ ዝገኚ እንጂ» አለች ንፍሮ አዳይዋ፣ ሰፌዱን እስከ ኤልሳቤጥ ጉልበት አስጠግታ።

«ይቅርብኝ፣ አልራበኝም።»

«ንፍሮ ለረሃብ ነው እንዴ የሚቀመሰው? ለነፍሱ ነው እንጂ። ዝገኚ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ገታ አደረጉ። ኤልሳቤጥ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሁለቱን እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ነው የከረመችው። እንባዋን በክርኗ ነው የጠረገችው። ውኃ ሲሰጧት አፏን ብቻ ነው ያቀረበችው። አሁን ግን መላ የለም። ካልዘገነች ለባሏ ነፍስ ንፍሮ እንኳ አልቀምስ አለች ይባላል፤ ከዘገነች ደግሞ እጇ ይታያል። ጥቂት አመነታችና ቀኝ እጇን አወጣች።

መዳፏ ቀይ ነበር። ጥፍሮቿ ደግሞ የባሰ ቀልተዋል። እንሶስላ ነው፤ ሴት ልጅ ለሠርግና ለዓመት በዓል የምትሞቀው፣ ሐዘን የገባባት ሴት ግን ዓመት ሙሉ በአጠገቡ የማታልፈው እንሶስላ።

ንፍሮ አዳይዋ ዐይኗን ከመዳፉ ላይ ማንሣት አቅቷት ቆማ ቀረች። ከዚያ ሰፌዱን ወደሚቀጥለው ሰው አሻገረች። ከኋላ አንዲት ሴት «ዐይኗን በጨው ታጥባ!» ስትል ሌላዋ «እስ!» አለቻት። እስ ያለቻት ለይሉኝታ እንጂ ለኤልሳቤጥ አዝና አይደለም፤ ወዲያው ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀጠሉበት።

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ነበር። ብልባላ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ይታገሱ ቅዳሜ ጠዋት ዶማና ጆንያ ይዞ ከቤቱ ወጣ። እሑድ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከገደል ሥር አገኙት። ጆንያው ውስጥ የእንሶስላ ሥር ነበር። የኤልሳቤጥ ታናሽ እህት ሠርግ ለኅዳር መባቻ ተቆርጧል። ሚስቲቱ እጇ ቀይ ነው። ይህን ሁሉ ለመገጣጠም መማር አያስፈልግም። ለሠርግ እጇን ልታቀላ ብላ ባሏን ገደል ሰደደችው፤ አለቀ።

ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ነገሩን የጀመሩት አማቷ መሆናቸው ነው። እቴቴ የሺሃረግ በቀብሩ ዕለት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀስረው «ለእጅሽ ማማሪያ አንድ ልጄን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከእሷ ሦስት ሰው ርቀው ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

ኤልሳቤጥ ለመልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ሥሩ ለእጄ አይደለም፣ ለመስታወቱ ነው ማለት። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ከሰው ሁሉ መስማት የሌለባቸው እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የዘገነችውን ንፍሮ በቀይ መዳፏ ይዛ ዝም አለች።

የእንሶስላን አስተሳሰር ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለይታገሱ ስትዳር፣ እቴቴ የሺሃረግ ሥሩን በገዛ እጃቸው ወቅጠው፣ እጆቿ ላይ ደልድለው፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው በክር አሰሩላት። «እንዳትፈቺው» አሏት። «እንሶስላ ታስሮ ካላደረ ቀለም አይባልም፣ በውኃ ይሄዳል። እየደጋገምሽ ባሰርሽው ቁጥር ነው ጥፍር ሥር ድረስ የሚገባው።» በበነጋው ራሳቸው ፈትተው እጇን አገላብጠው አዩና ሳሙት። ኤልሳቤጥ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያንን ስሞሽ አልረሳችውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ሳትወልድ ስትቀርም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ታዲያ አሁን ፊታቸውን ሲያዞሩባት ሁለት ሰው እንደሞተባት ነው የቆጠረችው።

የመስታወቱ ነገር እንዲህ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ዓመት አለፈው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቀረ፣ ለይታገሱ የተረፈው ጊዜ ብቻ ሆነ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለ መምህሩ ያሳየው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ከአትክልት ቀለምና ከመስታወት በፀሐይ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ማውጣት። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ልዩ መስታወትና እንደ ኖራ የነጣ ዱቄት ከዚያው መምህሩ ለምኖ አመጣ። ዱቄቱን በኮምጣጤ አላቁጦ አንዱ መስታወት ላይ በስሱ ቀባው፣ በከሰል እሳት አጋለው፣ ሲበርድ ከአጋምና ከዶቅማ ፍሬ በጨመቀው ቀለም ውስጥ ነከረው። ሌላውን መስታወት በጧፍ ጭስ አጠቆረው። በሁለቱ መካከል ከጤና ጣቢያ የለመነውን የቁስል አዮዲን አንጠባጥቦ ገጠማቸውና ሽቦ አሰረባቸው።

«ቅጠል ፀሐይ በልቶ አይደል የሚያድረው?» ይላት ነበር። «እኔ ደግሞ ቀለሙን ተውሼ ለእኛ እንዲበላልን ነው።»

«እኛስ ምን በልተን እንደር?» ስትለው ይስቃል።

መጀመሪያ ይህን ሁሉ ደጃፉ ላይ፣ ሰው እያየው ነበር የሚሠራው። ልጆች ይከቡታል፣ ትልልቆቹም ቆመው ይቀልዱበታል። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች መጡ። ሽቦ፣ አዮዲን፣ ነጭ ዱቄት አገኙ፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። ሲያስረዳቸው ጭራሽ ጠረጠሩትና ይዘውት ሄዱ። በዘጠነኛው ቀን ለቀቁት፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጎኑን ማዞር ለመደ። ዘጠኙን ቀን ምን እንዳደረጉት አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም።

እቴቴ የሺሃረግ ልጃቸውን አጥበው አስተኙትና በማግስቱ የነፍስ አባቱን አባ ወልደ ኪዳንን ይዘው መጡ።

«ይገዝቱልኝ አባ» አሉ መሬት ላይ ተንበርክከው። «ያለኝ አንድ እሱ ነው። ሁለተኛ ያንን ሽቦና መስታወት እንዳይነካ ይገዝቱልኝ።»

አባ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱት። ይታገሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ፤ መስቀሉንም ተሳለመ። ግዝት ለከተማ ሰው ተራ ቃል ይመስለው ይሆናል። እዚህ ግን ግዝት አፍርሶ የሞተ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነው የሚነሣው። ነፍሱ የት ገባች ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም መልሱን የሚያውቅ ይመስለዋልና። እናቱም ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

ይታገሱ ዓመት ከሦስት ወር ጠበቀ። ከዚያ አፈረሰው። ባለፈው ክረምት ኤልሳቤጥ ጓዳ ስትገባ ከጎታው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ መስታወት ሲያጥብ አገኘችው። ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ግን ፊቱን ስታየው ተወችው። ከዘጠኙ ቀን ወዲህ ያ ፊት እንዲያ በርቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ በሩን ዘጋችና «አጋሙ አልያዘልህም፣ ዶቅማውም አይሆንህም። እንሶስላ ሞክር» አለችው። ሙቀጫውንም ያቀበለችው እሷ ናት። ከዚያ ጀምሮ ሁለቱም እጃቸው ቀላ። እሱ ከቤት ሲወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ እሷን ሰው የጠየቃት እንደሆነ «ለእህቴ ሠርግ እየተለማመድሁ ነው» ትል ነበር። ያቺው ቀልድ ናት አሁን ዞራ የያዘቻት።

በሰባተኛው ቀን አባስ መጣ። አባስ ከወልድያ ዕቃ እያመጣ በብልባላ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴና የይታገሱ ወዳጅ ነው፤ ሽቦውንም የመስታወት መቁረጫውንም በድብቅ ያመጣለት እሱ ነው። ድንኳኑ ፈርሶ ለቅሶው ወደ ቤት ገብቷል። አባስ ወንዶቹ ዘንድ ትንሽ ተቀመጠና ተነሥቶ ኤልሳቤጥ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«አብሽሪ እህቴ። አላህ ያጽናሽ።»

«አሜን።»

«ወላሂ፣ መንገድ ላይ የሰማሁት ነገር ሆዴን አቃጥሎታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምን አትነግሪያቸውም? ካልሆነ እኔ ልንገራቸው። ያ ሥር ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም እንዴ!»

«ዝም በል አባስ።»

«ስምሽን አፈር አስገቡት እኮ!»

«ያስገቡት። ተገዝቶ ነበር። እናቱ ናቸው ያስገዘቱት።»

ከክርስቲያን ጋር ለለቅሶ ቤት እዝን፣ የሐዘንተኛ ምግብ፣ እየተላላከ ያደገ የወሎ ሙስሊም ግዝት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገውም። አባስ ኮፍያ ያደረገ ራሱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ።

«አፍርሶ ሞተ በይኛ።»

«እሳቸው ይህን ከሰሙ አይተርፉም።»

አባስ ወዲያና ወዲህ አየና ከኮቱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በከፊል ሳብ አደረገ። «ይህን ከመምህሩ ተቀብዬ እንዳመጣለት አዞኝ ነበር፤ እንደ ልኩ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ስምንት መስታወት ነው። አሁን ለማን ልስጠው?»

ኤልሳቤጥ መልስ ሳትሰጥ ከምሰሶው ሥር እቴቴ የሺሃረግ ቀና አሉ። ጥቅሉን አዩት። ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና እንደገና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አባስ ጥቅሉን ወደ ኮቱ መለሰው።

«አንተ ዘንድ ይቆይ» አለች ኤልሳቤጥ።

ስምንት ማለቱ ነው ሆዷን ያባባው። የፊተኞቹን አራት ጥንድ ለመሥራት ክረምቱ በሙሉ ነበር ያለቀው። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ እቴቴ የሺሃረግ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ዕለት፣ ይታገሱ አራቱን ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ደረደራቸው፤ ሽቧቸውንም ባትሪው ከወጣ አሮጌ ካልኩሌተር ጋር አያያዘ።

«ጥላሽን አንሺልኝ» አላት።

ራቅ አለች። ካልኩሌተሩ ላይ አንዲት ዜሮ ወጣች። ይታገሱ ሁለት ሲደመር ሁለት ብሎ ነካ ነካ አደረገው፤ አራት አለ። እንባው መጣ።

«ምነው? አምስት መስሎህ ነበር?» አለችው ኤልሳቤጥ፣ እንዳታለቅስ ብላ።

ደመና ሲያልፍ ቁጥሩ ጠፋ፤ ደመናው ሲገለጥ ተመልሶ መጣ። ሁለቱም እንደ ልጅ ደመና ሲጠብቁ ዋሉ።

«ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አንዲት ክፍለ ጊዜ ትበቃኛለች» አላት። «እናታቸው እጅ ላይ ያለው ቀለም ይህን እንደሚሠራ ይዩ እንጂ፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።»

ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ከተማሪዎቹም ግማሾቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ይህን እሱም እሷም ያውቁ ነበር፤ ግን ያን ቀን አላነሡትም።

እንሶስላው ደግሞ ፀሐይ አልቻለም። በሳምንቱ ገርጥቶ ያቺ ዜሮ እንኳ መውጣት ተሳናት። አዲስ ሥር ያስፈልጋል፤ በአቅራቢያው ያለው በሙሉ ለኅዳር ሠርግ ተቆፍሮ አልቋል። ያኔ ነው ኤልሳቤጥ ሳትጠየቅ የተናገረችው። የተወለደችው ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለች መንደር ነው፤ አገሩን ታውቀዋለች።

«ከመንገዱ በታች ውኃ የሚንጠባጠብበት ገደል አለ» አለችው። «ልጅ ሳለን ከዚያ ነበር የምንቆፍረው። ሥሩ የክንድ ያህል ነው።»

ሥሩ የክንድ ያህል መሆኑን ነገረችው። ከክረምት በኋላ ድንጋዩ እንደሚያዳልጥ ግን አልነገረችውም። ከላይ ድንጋይ ቢንከባለል፣ በግራ በኩል ከሆነ እንደማይሰማም አላሰበችም። ቅዳሜ ጠዋት ጆንያውን አጥፋ የሰጠችው ራሷ ናት። እንግዲህ ሴቶቹ «ገደል ሰደደችው» ሲሉ ሐሰት ነው የምትልበት አንደበት ከየት ይምጣ? የሚያንገበግባት የሚሉት ሁሉ ሐሰት አለመሆኑ ነበር።

ያ ጆንያ ራሱ የት እንደገባ አታውቅም። ሬሳው በቃሬዛ ሲመጣ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ኋላ ልትሸሽገው ብትፈልገው አጣችው።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መቃብሩ ዘንድ ሄዳ አባ ወልደ ኪዳንን ብቻቸውን አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመችና ቆመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ግዝት አፍርሶ የሞተ ሰው… ፍትሐቱ ይደርስለታል?»

አባ ወደ አዲሱ አፈር አዩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

«የገዘተው ካህን በሕይወት ካለ ይፈታዋል» አሉ። «እኔ የገዘትሁትን ፈትቻለሁ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ።»

ኤልሳቤጥ ደነገጠች። «እኔ እኮ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«እኔም አልጠራሁም።»

«ታዲያ ለእናቱ ይንገሩልኝ! ተፈትቷል ይበሏቸው!»

«ተፈታ ለማለት መጀመሪያ አፈረሰ ማለት አለብኝ» አሉ አባ። «እሷ ሁለተኛውን አትሰማውም፣ የመጀመሪያውን ነው ይዛ የምትቀረው። ሠላሳ ዓመት ንስሐዋን የተቀበልሁ ሰው ነኝ፣ አውቃታለሁ። ልጄ ጠፋ እያለች ነው የምትሞተው።»

«እንግዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«አላውቅም ልጄ» አሉ አባ። «ሸክሙ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ላይ ማረፉ አይቀርም። አንቺን ተሸከሚው ብዬ ማዘዝ አልችልም።»

ኤልሳቤጥ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን በሙሉ ተናደደች። በአባ ተናደደች፣ በእቴቴ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በይታገሱ ተናደደች። ሁለት ሲደመር ሁለት አራት እንደሆነ ማንም የሚያውቀውን ነገር ለማሳየት ብሎ ጥሏት ሄደ። ደጃፉ ስትደርስ ቁጣው አለቀባትና የቀራት ለቅሶው ብቻ ሆነ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ፍትሐቱ ተደረገ። ካህናቱም ዘመዱም በልተው ጠጥተው ካበቁ በኋላ የይታገሱ አጎት ጋሻዬ ተነሡ። የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ዳኛ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ነገር ሆዳቸው ውስጥ አያድርም።

«ኤልሳቤጥ» አሉ፣ «ዐሥራ ሁለት ቀን ስንሰማ ከረምን። በዘመድ ፊት ልጠይቅሽ፤ አንቺም በዘመድ ፊት መልሽ። ያንን ልጅ ለእንሶስላ የላክሽው አንቺ ነሽ?»

አባ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው አቀረቀሩ። እቴቴ የሺሃረግ ከምሰሶው ሥር ቀና ብለው ዐይናቸውን ኤልሳቤጥ አፍ ላይ ተከሉ። ኤልሳቤጥ በዚያ ዐይን ውስጥ ፍርሃት አየች። ሰው ከሳሹ ሆኖ ምን ያስፈራዋል? አልገባትም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ እኒያ ዐይኖች ሌሊት ሌሊት ተነሥተው «ልጄ የት ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ታያትና ዋጠችው።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«ለሠርጉ?»

«ለሠርጉ። ለእጄ።»

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ እህህ አሉ። ጋሻዬ ራሳቸው ጥያቄውን እንደጠየቁት የተጸጸቱ መሰሉ፤ ፂማቸውን እያሻሹ ጥቂት ቆሙ።

«እንግዲያ እዚህ መቀመጥሽ ለእናቱም ላንቺም ደግ አይደለም። ነገ ጠዋት በቅሎ ይጫንልሻል፣ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ። አርባውን እኛው እናወጣለን።»

«እስከ አርባው እንኳ ብትቆይ» አሉ አባ።

«አይሆንም አባ። የእናቱን ፊት እያዩ?»

ኤልሳቤጥ አንገቷን ደፋች። አባቷ ቤት እህቷ ልትዳር ሽር ጉድ ይባላል፤ ከለቅሶ የመጣች ሴት፣ ያውም ባሏን ያስገደለች የተባለች፣ የት ጥግ እንደሚያስቀምጧት እንጃ። መንገዱም በዚያው ገደል አፋፍ ነው የሚያልፈው። ቤቷን፣ መቃብሩን፣ አርባውን በአንድ «አዎ» ሰጠቻቸው። እቴቴ የሺሃረግ ምሰሶውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ።

አመሻሹ ላይ ከጓዳው የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ።

«በሐዘን ቤት ምን ይወቀጣል?» አለች አንዷ።

«ለመንገዷ በርበሬ ይሆናላ» አለች ሌላዋ፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ደጅ ቆመች። ለመሸኘትም ለማየትም የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ኤልሳቤጥ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ወጣች፤ በልብሱ መሐል ካልኩሌተሩ አለ። ጋሻዬ ልጓሙን ይዘው ወደ እሷ ላለማየት የበቅሎዋን ጆሮ ያያሉ።

እቴቴ የሺሃረግ ከቤት ወጡ።

ሁለቱም እጆቻቸው እስከ አንጓቸው በጉሎ ቅጠል ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። ያ እስር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሴት እዚያ ደጃፍ ላይ አልነበረም። አንዷ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ጥቁር የለበሰች እናት፣ በልጇ ዐሥራ ሦስተኛ ቀን፣ እንሶስላ ሞቃ አድራለች።

በዝግታ መጥተው ደጃፉ ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ወደ ኤልሳቤጥ ዘረጉ።

«ፍቺልኝ እስኪ» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ለእሷ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ኤልሳቤጥ ጥቅሏን መሬት አስቀመጠች። ክሩን ለመፍታት እጆቿን ከነጠላዋ ማውጣት ነበረባት፤ አወጣቻቸው። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ስትጀምረው እቴቴ የሺሃረግ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ።

«ጣቶቹን አይቻለሁ» አሉ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «ሳይገንዙት ስሜዋለሁ። የቆፈረ ሰው እጁ ጭቃ ነው። የእሱ ጥፍር ሥር ድረስ ቀልቶ ነበር። ያ ደግሞ የአንድ ቀን ቀለም አልነበረም፤ ደጋግሞ ያደረ ነው።»

የኤልሳቤጥ እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ጆንያውንም የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እቴቴ? ለምን እኔን?»

«አንቺን ሰጥቼ እሱን ላስቀር ብዬ።»

ኤልሳቤጥ ቀና ብላ አየቻቸው። ዐሥራ ሁለት ቀን! በንዴት ቅጠሉን ጥላላቸው ልትሄድ ፈለገች። አሮጊቷም ይህን ያወቁት ይመስላል፣ እጃቸውን አልሰበሰቡም።

«ትክጃለሽ ብዬ ነበር» አሉ። «ትናንት አፍሽን እያየሁ አሁን አወጣችው፣ አሁን ልጄን ገደለችው እላለሁ። አንቺ ደግሞ…» አልጨረሱትም።

ኤልሳቤጥ ይቅር ትበላቸው አትበላቸው አታውቅም። ግን ቋጠሮውን ፈታችው። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው ደቃቁ ሥር ከመዳፋቸው ላይ ረገፈ፤ የገደሉ ሥር ነው። የእርጅና ሽብሽባቸው በሙሉ፣ እስከ ጥፍራቸው፣ ቀልቷል።

«ንፍሮ አምጡልኝ» አሉ እቴቴ የሺሃረግ፣ አሁን ጮክ ብለው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ንፍሮ አምጡልኝ አልሁ!»

ያቺው ንፍሮ አዳይ ሰፌዱን ይዛ መጣችና ፈራ ተባ እያለች አቀረበችላቸው። እቴቴ የሺሃረግ ቀይ እጃቸውን ሰድደው፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርገው ዘገኑ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ቢሆንም ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት እጅ ይዘው ፊታቸው ቆመው ስለ አንዷ ብቻ ማማት አልቻሉም። ጋሻዬ እናቲቱን አዩ፣ ምራቲቱን አዩ፣ የበቅሎዋን ጭነት ማላላት ጀመሩ።

እቴቴ የሺሃረግ በሌላ እጃቸው የኤልሳቤጥን መዳፍ ይዘው ከፈቱት። ከዘገኑት ንፍሮ ግማሹን እዚያ ላይ አፈሰሱላት።

«ብዪ» አሏት። «ለነፍሱ ነው።»

ኤልሳቤጥ ከመዳፏ አንዲት ስንዴ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተች።